እንግዳ ይዛችሁ የዋሽንግተንን የጌይ ታሪክ በአንድ ቀን እንዴት ታዞራላችሁ

ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣ ዋሽንግተን ላይ የምናሳየው ያው ነው። ዋይት ሀውስ፣ ካፒቶል፣ የሊንከን ሐውልት፣ ከዚያ ሸመታ። እኔ በዚህች ከተማ ሃያ ስድስት ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። ያን ዙር ዓይኔን ጨፍኜ እነዳዋለሁ። አሁን ጡረታ ወጥቼ ሌላ ዙር አለኝ። በባቡርና በእግር ነው፣ ከጠዋት እስከ እራት ይወስዳል። ጌይና ሌዝቢያን የሆኑ ሰዎች እዚህ የኖሩበትን፣ ከሥራ የተባረሩበትን፣ የተሰለፉበትንና የተቀበሩበትን ቦታ ያሳያል።

አንተን ምን አገባህ የሚለኝ አይጠፋም። ልጄ ሌዝቢያን ናት። ካወቅኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቤት ውስጥ ስለ ፍቅረኛዋ ስታወራ በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር የምታወራው። አማርኛው የጠፋባት መስሎኝ እቆጣት ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው ለካ። በእንግሊዝኛ ስለ ሰው እያወሩ ወንድ ይሁን ሴት ሳይታወቅ ማለፍ ይቻላል። በአማርኛ ግሱ ራሱ ያሳብቃል። «መጣ» ወይም «መጣች» ነው፣ መሀል የለውም። በአንቱታ «መጡ» ብትል ታመልጥ ነበር። ግን የሃያ አራት ዓመት ልጅ ጓደኛዋን አንቱ ስትል ማን ያምናታል?

ባለፈው ዓመት ታላቅ እህቴ ከአዲስ አበባ መጣችና ይህን ዙር አብረን ዞርን። እትዬ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፣ ነጠላዋን ሳትለብስ ከቤት አትወጣም። ከታች የምጽፈው አብዛኛው እሷን ሳዞር የተማርኩት ነው። የሳትኩትንም ጭምር።

ከመውጣታችሁ በፊት

ግንቦት ወይም ጥቅምት ምረጡ። የዋሽንግተን ሐምሌ በእግር የሚሞከር አይደለም፣ እንደ ድስት ክዳን ላብ ያወርዳል። ምቹ ጫማ፣ ውሃ፣ ለአዛውንት ጃንጥላ ያዙ። እትዬ በሁለተኛው ሰዓት ላይ ጫማዋን ረገመች፣ ጥፋቱ የኔ ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው የባቡር መክፈያ ካርድ ያስፈልጋል፣ ስማርትሪፕ ወይም በመንካት የሚከፍል የባንክ ካርድ።

ቃሉን ቀድማችሁ ወስኑ። «ግብረ ሰዶማዊ» ስትሉ ፍርዱ ከሰውየው ቀድሞ ይገባል፣ ሰዶም የተቃጠለች ከተማ ናትና። ስድቡን አላነሳውም፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ራሳቸው ሐበሾቹ እርስ በርስ «ዜጋ» ይባባላሉ። መጀመሪያ ስሰማ ስለ ፓስፖርት የሚያወሩ መስሎኝ ነበር። ቃሉን እወደዋለሁ፣ ግን የነሱ የጓዳ ቃል ስለሆነ እኔ አልበደረውም። «ጌይ» እና «ሌዝቢያን» እላለሁ፣ ማንም ይገባዋል።

ፎቶ ላይ ተጠንቀቁ። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸምን ግንኙነት ወንጀል ያደርገዋል። እዚህ ፌስቡክ ላይ የለቀቃችሁት ፎቶ እዚያ ቤት የሚያንኳኳበት ጊዜ አለ። ሌላ ሐበሻ ከጀርባችሁ ካለ አታንሱ። የእንግዳችሁንም ፎቶ እሷ ሳትፈቅድ አትለጥፉ።

ዋናውን ልጨምር። የሰው ምስጢር ይዛችሁ ከሆነ የምትዞሩት፣ ባለቤቱን አስፈቅዱ። ልጄን ጠይቄያታለሁ። «ንገራት፣ እኔ ባለሁበት ግን አይሁን» አለችኝ።

መጀመሪያ መቃብር

ከመቃብር መጀመር ደስ አይልም የሚል ካለ፣ ጠዋት አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ዛፉም ጥላ አለው። ደግሞ ሐበሻ መቃብር ቦታ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ለመስማት ይመቻል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ቀዩን ባቡር ይዛችሁ ሜትሮ ሴንተር ላይ ቀይሩ። ሰማያዊው፣ ብርቱካናማው ወይም ብርማው ሁሉም ይወስዳችኋል። ፖቶማክ አቬኑ ውረዱና አሥር ደቂቃ ያህል ተራመዱ። ቦታው ኮንግሬሽናል ሴሜተሪ ይባላል፣ ከ1807 ጀምሮ ይቀበርበታል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አንድ ነገር አስጠንቅቁ። በዓመት ክፍያ የተመዘገቡ የሰፈሩ ሰዎች ውሾቻቸውን እዚያ ይፈታሉ። እትዬ በመቃብር መሀል የሚሮጥ ውሻ ስታይ አማተበችና «እነዚህ ሰዎች ሙታናቸውን አይፈሩም?» አለች።

የሊዮናርድ ማትሎቪችን መቃብር ፈልጉ። ጥቁር ግራናይት ነው፣ የቬትናም ዘማቾች መታሰቢያ ግድግዳ እንደተሠራበት ዓይነት። ማትሎቪች የአየር ኃይል ሰው ነበር። ቬትናም ዘምቶ ቆስሏል፣ ተሸልሟል። 1975 ላይ ጌይ ነኝ ብሎ ለአለቆቹ በጽሑፍ አሳወቀ። አባረሩት። በዚያው ዓመት መስከረም የታይም መጽሔት ሽፋን ላይ ከነዩኒፎርሙ ወጣ። 1988 በኤድስ ሞተ። የቆመው ድንጋይ ላይ ስሙ የለም፣ ለሁሉም ጌይ ዘማቾች እንዲሆን ብሎ በሕይወት ሳለ ያሠራው ነው። የተጻፈውን እንዲህ ብዬ ተረጎምኩላት፦ «ወታደር ሳለሁ ሁለት ወንዶች ስለገደልኩ ሜዳሊያ ሰጡኝ፤ አንዱን ስለወደድኩ አባረሩኝ።»

ድንጋዩ ላይ ሁለት ሮዝ ሦስት ማዕዘኖች አሉ። ናዚዎች በማጎሪያ ካምፕ ጌይ እስረኞችን ለይተው የሚያለብሷቸው ምልክት ነበር። እዚህ ቸኩላችሁ አትሂዱ። እትዬ ድንጋዩን ዞራ አየችው። ከዚያ እኔ ፈጽሞ ያልጠበቅኩትን ጠየቀች። «ልጅ አልነበረውም? ታዲያ ተዝካሩን ማን ያወጣለታል?»

መልሱ ዙሪያውን ነው ያለው። ከእሱ ሞት በኋላ ሌሎች ጌይና ሌዝቢያን ሰዎች፣ ብዙዎቹ ዘማቾች፣ ከጎኑ የመቃብር ቦታ እየገዙ መጡ። በቁማቸው ስማቸውን አስቀርጸው ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚጠብቁም አሉ። ዘመዶቹ እነሱ ናቸው አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ «ወዲህ ያመጣኸኝ ለድንጋይ አይደለም፣ አይደል?» አለችኝ። እኔ ለእራት ያቀድኩትን ወሬ እሷ በጠዋቱ አሸተተችው። ከታላቅ እህት ምን ይደበቃል? «እነግርሻለሁ፣ ቆይ» አልኩ።

በዚያው ረድፍ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ በብረት አጥር የተከበበ መቃብር አለ። ኤድጋር ሁቨር ነው፣ ኤፍቢአይን እስከ 1972 ለአርባ ስምንት ዓመት የመራው። ጌይ ናቸው የተባሉ የመንግሥት ሠራተኞችን ስም የሚሰበስበው ፋይል በእሱ ዘመን ነው የተደራጀው። ማትሎቪች ቦታውን ሲገዛ ጎረቤቱ ማን እንደሆነ ያውቅ ነበር። የሁቨር የቅርብ ሰው ክላይድ ቶልሰንም እዚያው አቅራቢያ ተቀብሯል። ስለ ሁለቱ ብዙ ይወራል። እንደ እውነት አድርጋችሁ አትንገሩ፣ ማስረጃ የሌለው ወሬ ከሁቨር ፋይል በምን ይለያል?

ከማትሎቪች አጠገብ የፍራንክ ካመኒን የመታሰቢያ ድንጋይ ታያላችሁ። «ጌይ መሆን መልካም ነው» የሚል የራሱ መፈክር አለበት። ስሙን ያዙት፣ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል።

ከዚያ የአሌን ሎክን ድንጋይ ፈልጉ። ሎክ ፈላስፋ ነበር። 1907 ላይ ለኦክስፎርዱ የሮድስ ስኮላርሺፕ የተመረጠ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዘመን ፍልስፍና አስተምሯል። ዶክተር መላኩ በያን ከሃዋርድ በሕክምና ሲመረቁ፣ 1935 ላይ፣ ሎክ እዚያው ግቢ ያስተምር ነበር። ጌይ መሆኑን የቅርብ ወዳጆቹ ያውቃሉ፣ አደባባይ ግን አላወጣውም። 1954 ሞተ። አመዱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ የተቀበረው 2014 ላይ ነው። ስድሳ ዓመት! እትዬ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ድንጋዩ ላይ ከተቀረጹት ምልክቶች አንዱ ላምዳ ነው፣ የግሪኩ ፊደል። የጌይ መብት ንቅናቄ ምልክት ሆኖ ቆይቷል። በሕይወቱ ያልተናገረውን ድንጋዩ ተናገረለት።

ፍልስፍናውን በአጭሩ ለእንግዳ እንዲህ አስረዱ። ሎክ የሚለው፣ ሰው ውድ ብሎ የያዘው ነገር መነሻው ስሜቱና ኑሮው ነው፤ ስለዚህ አንዱ ሕዝብ የራሱን ለሁሉም መለኪያ ማድረግ የለበትም። ልማዶች መልካቸው ይለያያል፣ የሚሠሩት ሥራ ግን አንድ ሊሆን ይችላል። እትዬ ስለ ተዝካር ስትጠይቅ ሳታውቀው የሎክን ትምህርት ጀምራ ነበር ማለት ነው።

የመጨረሻው የእኔ ነው። ፒተር ዶይል። ስለ እሱ ሐውልት አታገኙም፣ ከበሩ የመጎብኛ ወረቀት ይዛችሁ ፈልጉት። ዶይል ከአየርላንድ በልጅነቱ የመጣ ስደተኛ ነበር። በፔንሲልቬንያ አቬኑ በፈረስ የሚጎተት ትራም ላይ ይሠራ ነበር፣ ትኬት ቆራጭ። 1865 ላይ፣ ማዕበል ባለበት ምሽት፣ ትራሙ ውስጥ አንድ ተሳፋሪ ብቻ ቀረ። ትልቅ ፂም ያለው፣ ብርድ ልብስ ትከሻው ላይ የጣለ ሰው። ገጣሚው ዋልት ዊትማን ነበር። ዶይል አላስችል ብሎት ገብቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ዊትማን መውረጃው ላይ አልወረደም፣ አብሮት እስከ መጨረሻው ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ለዓመታት አልተለያዩም። ዊትማን በግል ማስታወሻው ላይ ዶይልን በስሙ አይጽፈውም። «16.4» ይላል፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ፒ እና ዲ መሆናቸው ነው። አንድ ቦታ ላይ «እሱ» ብሎ የጻፈውን ፍቆ «እሷ» አድርጎታል። ይህን ያነበብኩ ቀን የልጄ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ ትዝ አለኝ።

ዶይል መቃብር ላይ ለእትዬ አንድ ነገር ተናዘዝኩላት። ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው፣ ሌሊት። ከአሥራ ሰባተኛው ጎዳና ሁለት ወንዶች ጫንኩ። ከኋላ ሲሳሳሙ በመስታወት አየሁ። መኪናውን ጥግ አስያዝኩና አስወረድኳቸው። ዶፍ እየዘነበ ነበር። አንደኛው ሳይሳደብ የደረሰበትን ሒሳብ ከፍሎኝ ወረደ። ገንዘቡ እርጥብ ነበር። ዶይል በማዕበል ከተሳፋሪው ጎን ተቀመጠ፣ እኔ በዝናብ አወረድኩ። ያው የሾፌር ሥራ ነው።

እትዬ ስለ መሳሳሙ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። «በዝናብ?» አለች። «ሰው በዝናብ ታወርዳለህ? እማዬ እንዲህ ነው ያሳደገችን?»

ከዋይት ሀውስ ፊት ለፊት

በመጣችሁበት ባቡር ተመለሱ፣ መቀየር የለም። ማክፈርሰን ስኩዌር ውረዱ። ላፋዬት ስኩዌር ሁለት እርምጃ ነው። አግዳሚ ወንበር ያዙ፣ የቋጠራችሁትን ብሉ። እኛ ዳቦና እንቁላል ይዘን ነበር።

ይህ መናፈሻ ማታ ማታ ወንዶች የሚገናኙበት ነበር። 1947 ላይ የመናፈሻ ፖሊስ ዘመቻ ከፍቶ ብዙዎችን አሰረ፣ ስማቸውን መዘገበ። 1953 ላይ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ትእዛዝ ቁጥር 10450ን ፈረሙ። «የወሲብ ብልሹነት» ከመንግሥት ሥራ የሚያሰናብት ምክንያት ሆነ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እንጀራቸውን አጡ። ምክንያቱ ምስጢር ስላላቸው ጠላት ያስፈራራቸዋል የሚል ነበር። ምስጢሩን የግድ ምስጢር ያደረገው ራሱ መንግሥት መሆኑን ልብ በሉ።

ካመኒ ከነዚህ አንዱ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጋ፣ ከሃርቫርድ በሥነ ፈለክ ዶክትሬት የያዘ። 1957 የጦር ሠራዊቱ የካርታ መሥሪያ ቤት ቀጠረው፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ አባረረው። ያ ዓመት ሶቪየቶች ስፑትኒክን ያመጠቁበት ነው። አሜሪካ ሰማይ የሚያነብ ሰው በባትሪ እየፈለገች እሱን ጣለችው። ሌሎቹ አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። ካመኒ ግን ከሰሰ። አቤቱታውን ራሱ ጽፎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ 1961 ላይ አንቀበልም አሉት። በዚያው ዓመት የዋሽንግተን ማታሺን ሶሳይቲ የሚባለውን የጌይ መብት ማኅበር ከጃክ ኒኮልስ ጋር መሠረተ።

አሁን ተነሱና ወደ ዋይት ሀውስ አጥር ጠጋ በሉ። ሚያዝያ 17 ቀን 1965 እዚህ የእግረኛ መንገድ ላይ አሥር ሰዎች ሰሌዳ ይዘው ዞሩ። አሥር ብቻ። ከሦስቱ ሴቶች አንዷ ሊሊ ቪንሴንዝ ናት፣ ሌዝቢያን ነሽ ተብላ ከጦር ሠራዊቱ የተሰናበተች። የካመኒ ደንብ ጥብቅ ነበር። ወንዶች ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ፣ ሴቶች ቀሚስ። ሥራ ስጡን የሚል ሰው ሥራ የሚሰጠው ሰው መምሰል አለበት ይል ነበር። አንዳንዶቹ ሰሌዳዎች ዛሬ የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ንብረት ናቸው።

ይህ ቦታ ለእኛም አዲስ አይደለም። 2005 ላይ ከምርጫው በኋላ ሰው ሲገደል፣ ባንዲራ ይዤ እዚሁ ጮኬአለሁ። ድምፄ ሦስት ቀን ጠፍቶ ነበር። ከእግሬ ሥር ያለው አስፋልት ቀድሞ የማንን እግር እንዳየ አላውቅም ነበር።

እትዬን የነገርኳት እዚህ ወንበር ላይ ነው። ባጭሩ። ነጠላዋን አስተካከለች፣ ዋይት ሀውስን አየች፣ «እናቷ ታውቃለች?» አለች። «ታውቃለች» አልኩ። በቃ። ከዚያ ለአንድ ሰዓት ያህል አልተናገረችም። የእኔ ስህተት እዚህ ነው። ዝምታውን በወሬ ልሞላ ሞከርኩ፣ ስለ ሐውልቱ፣ ስለ ፈረሱ፣ ስለ መድፉ። እናንተ አትሞክሩ። እንግዳችሁ ዝም ካለች አብራችሁ ዝም ብላችሁ ተራመዱ።

አሥራ ሰባተኛው ጎዳና

ወደ ሰሜን ሃያ ደቂቃ ያህል በእግር ነው። ከፒ ጎዳና እስከ አር ጎዳና ድረስ የካመኒን ስም የያዘ የጎዳና ምልክት ከ2010 ጀምሮ ተሰቅሏል። እሱ በሕይወት ሳለ ነው የተሰቀለለት። ከዚያም በፊት 2009 ላይ የፌዴራሉ የሠራተኞች አስተዳደር ኃላፊ፣ ራሱም ጌይ የሆነው ጆን ቤሪ፣ በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠይቆታል። ካመኒም ይቅርታውን እዚያው ተቀበለ። ከተባረረ ሃምሳ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። 2011 በሰማንያ ስድስት ዓመቱ አረፈ።

በጥቅምት ከሄዳችሁ፣ ከሃሎዊን በፊት ባለው ማክሰኞ ይህ መንገድ ይዘጋል። ወንዶች በረጅም ተረከዝ ጫማና በቀሚስ ይሮጣሉ። ከ1986 ጀምሮ የሚደረግ ነው። ታክሲ ነጂ ሳለሁ በየዓመቱ እረሳውና መሀሉ ገብቼ እታገድ ነበር፣ እንዴት እንደምሳደብ! አሁን ቆሜ አያለሁ። ሳቅ አለበት። ለእትዬ ዓይነት እንግዳ ግን ለመጀመሪያ ቀን ይበዛል።

ጊዜ ካላችሁ ወደ ሃያኛው ጎዳና ተሻገሩ፣ የከተማዋ የመጀመሪያው የጌይ ፕራይድ በዓል 1975 የተደረገው እዚያ ነው። ከሌላችሁ ይለፋችሁ። አሁን መኖሪያ ቤቶች ናቸው።

በአር ጎዳና ወደ ምሥራቅ

አሥራ አራተኛው ጥግ ላይ ዊትማን ዎከር ክሊኒክ ለብዙ ዓመት የሠራበት ቦታ ነው። ስሙ ከዚያው ከትራሙ ተሳፋሪ የመጣ ነው፣ ዎከር ደግሞ በእርስ በርሱ ጦርነት ያገለገለች ሴት ሐኪም ናት። በኤድስ ዘመን ማንም ሊነካቸው የማይፈልጉ ሰዎች ወደዚህ ክሊኒክ ይመጡ ነበር። አንድ ምስል ንገሯቸው። ጥቅምት 1987 ላይ ናሽናል ሞል በሚባለው ትልቅ መስክ ሣር ላይ በኤድስ የሞቱ ሰዎች ስም የተሰፋበት ጨርቅ ተነጠፈ፣ 1,920 ቁራጭ። እያንዳንዱ ቁራጭ የመቃብር ስፋት ያህል ነው። እኛም አገር ቤት በዚያ በሽታ ሰው ቀብረናል፣ ሌላ ስም እየሰጠን። እትዬ ዝምታዋን የሰበረችው እዚህ ነው። የጎረቤታችንን ልጅ ስም ጠራች። «ሳንባ ነው ብለን ነበር» አለች።

ትንሽ አለፍ ስትሉ 1326 ቁጥር የሎክ ቤት ነው። ከውጭ ብቻ እዩት፣ የሰው ቤት ነው።

ከዚያ ወደ ሰሜን ዩ ጎዳናን ተሻግራችሁ በጆርጂያ አቬኑ ወደ ሃዋርድ ውጡ። ከዩኒቨርሲቲው ማዶ ያለው የባኔከር ሜዳ ላይ ግንቦት 1991 የመጀመሪያው የጥቁሮች ጌይ ፕራይድ ተደረገ። ስምንት መቶ ያህል ሰው ነበር። ለኤድስ ሕሙማን ገንዘብ ለማሰባሰብ ነው የተጀመረው። ዛሬ በሌሎች ከተሞች ያሉት የጥቁር ፕራይዶች አባት እሱ ነው። ሜዳው ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። እትዬ አጥሩን ይዛ እግሯን አሳረፈች።

ቀኑ ሲመሽ ዘጠነኛው ጎዳና ቅርብ ነው፣ የኛ ምግብ ቤቶች ሰፈር። ጾም ከሆነ በያይነቱ አዝዙ። ሒሳቡን እንግዳ እንዳይከፍል ቀድማችሁ ተናገሩ፣ ያለዚያ ትግል ነው።

ልጄ በዚያ ማታ አልመጣችም። እትዬም በቀሩት ሁለት ሳምንታት ጉዳዩን አላነሳችም። ከልጄ ጋር ቡና ጠጡ፣ ስለ ሥራዋ አወሩ፣ ሌላ የለም። ኤርፖርት ላይ ሻንጣዋን ሳስረክብ ጆሮዬ ሥር «ዳግመኛ በዝናብ ሰው እንዳታወርድ» አለችኝ። ጡረታ ወጥቻለሁ ብላት አልሰማችኝም።

ከዚያ ወዲህ እንደ ልማዷ በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ትደውላለች። የእኔን ጉልበት ትጠይቃለች፣ የባለቤቴን ደም ግፊት። «ልጅህስ ደህና ናት?» ትላለች። ደህና ናት እላለሁ። ባለፈው እሑድ ስልኩን ልዘጋ ስል፣ ትንሽ ዝም ብላ፣ «ያቺኛዋስ?» አለችኝ።